ባልኬሪ ሲመሽ

ጢሞቴዎስ የድሮውን ካርታ ኮምፒውተሩ ላይ እያጎላ፣ እያጎላ ሄዶ በመጨረሻ አገኛት። ከወንዙ በስተግራ፣ የድንጋዩ አጥር ከሚታጠፍበት ትንሽ ከፍ ብላ፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር አራት ማዕዘን ተቀምጣለች። አጠገቧ የተጻፈው ስም ደብዝዟል፤ ቢሆንም ይነበባል።

«አገኘኋት» አለ፣ ሳያስበው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ማንን?» አለ አክሊል ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ፣ ዓይኑን ከራሱ ኮምፒውተር ሳይነቅል። «ሚስት ከሆነች ንገረን፤ እናዋጣለን።»

«ቤት ናት።»

«ቤት ያላት ከሆነችማ ቶሎ በል።»

ጢሞቴዎስ ሳቀ። ከዚያ ካርታውን ቆርጦ፣ ቤቷን በቀይ ከቦ፣ ለሚስተር አርተር ላከላቸው። «የእናትዎ ቤት ይቺ ትመስለኛለች። አሁን የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው፤ ነገር ግን በእግር ይደረስባታል» ብሎ ጻፈ።

የሚሠሩት አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ከታች መንገዱን የሞሉት አስታማሚዎችና የሕክምና ተማሪዎች ከራሳቸው በላይ ምን እንደሚሠራ አያውቁም። እዚያ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች በውጭ ሀገር ላሉ ትንንሽ ማረፊያዎች የእንግዶችን ጥያቄ ይመልሳሉ። አክሊል የያዘው በአንድ የግሪክ ደሴት ላይ ያለ ሆቴል ነው። የጢሞቴዎስ ድርሻ ደግሞ በሰሜን ስኮትላንድ ገጠር፣ ባልኬሪ በምትባል ከአንድ መንገድ በማትበልጥ ከተማ ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ሞራግ ይባላሉ። ጢሞቴዎስን ሥራ ያስተማሩት ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ፣ አልጋውንም ምድጃውንም እያሳዩት ነበር። ስሙ አልያዝላቸው ስላለ «ቲም» አሉት፤ ቲም ሆኖ ቀረ።

ባልኬሪን ረግጧት አያውቅም። ነገር ግን ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ማረፊያው ድረስ ሻንጣ የሚጎትት ሰው የት ላይ እንደሚቸገር ያውቃል። የማዕዘኑ ክፍል አልጋ እንደሚንቋቋ፣ ሥጋ ሻጩ በሊጥ የሚጠቀልለው የበግ ሥጋ ከቀትር በፊት እንደሚያልቅ፣ ወደ ጫካው የሚወስደው መንገድ ሲዘንብ የትኛው ጫማ እንደሚያዋጣ ያውቃል። አንዳንዴ ወደ ቤቱ ሲሄድ በሐሳቡ የሚራመደው የባልኬሪን መንገድ ነው።

ቲም የት እንዳለ ለእንግዶች አይነገርም። ይህ ደንብ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ አለቃቸው ሮሃ ሥራ ሲጀምሩ በቃል የነገረቻቸው ነው። «አትዋሹ» ብላቸዋለች። «ካልጠየቁ ግን አትንገሩ። ከጠየቁ ደግሞ ስለ ቁርስ አውሩላቸው።»

ሚስተር አርተር ጠይቀው ነበር። ሰውየው ሰባውን የተሻገሩ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሙሉ ዕድሜያቸውን የኖሩት በአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ፣ ሙቀት በማይለቃት ከተማ ነው። ባልኬሪ የመጡት እናታቸው በልጅነታቸው ትተውት የሄዱትን አገር እሳቸው ራሳቸው ሳይሞቱ ለማየት ነበር። የደረሱት ትናንት ማታ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ነው። ወይዘሮ ሞራግ እህታቸው ቀዶ ሕክምና ስላለባቸው ወደ ትልቁ ከተማ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ነገ ነው። ወቅቱ እንግዳ የሚጠፋበት ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ከሚስተር አርተር በቀር ማንም የለም። ስለዚህ ከአውቶቡሱ ጀምሮ በመልእክት እየመራ፣ የቁልፍ ሳጥኑን እያስከፈተ፣ ሾርባው ፍሪጁ ውስጥ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ እየነገረ ያስገባቸው ጢሞቴዎስ ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ነህ ቲም» ብለው ጻፉለት ከመተኛታቸው በፊት። «ቤትህ ሩቅ ነው? ነገ ብቅ በልና እጅህን ልጨብጥ።»

ጢሞቴዎስ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ እንቁላሉ የት እንዳለና ዳቦው እንዴት እንደሚጠበስ ጻፈላቸው።

ዛሬ ያን ካርታ እንዲያ በትዕግሥት ሲፈልግ የዋለው ምናልባት በዚህ ምክንያት ነው።

መልሳቸው ብዙም አልቆየም። ሚስተር አርተር እንቅልፉ ጥሏቸው አርፍደው እንደተነሡ፣ ገና ቁርሳቸውን እየበሉ እንደሆነ፣ የእናታቸውን ቤት ግን ዛሬውኑ ካላዩ እንደማይችሉ ጻፉ። «ከምሳ ሰዓት በኋላ ብነሣ ብርሃን ይበቃኛል?»

ጢሞቴዎስ መንገዱን በልቡ ለካው። በድልድዩ፣ በጫካው ዳር፣ ከዚያ በድንጋይ አጥሩ፣ ከዚያ ወደ ፍርስራሹ፤ ደርሶ መልስ። ቀስ ብለው ቢሄዱ እንኳ በእዚያ አገር ሰዓት አስራ አንድ ላይ ማረፊያው በር ላይ ይሆናሉ።

«ከበቂ በላይ» ብሎ መለሰ። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው ሾርባዎን ያሞቃሉ።»

የአውራ ጣት ምልክት ላኩለት። ሲወጡም በሩ ላይ ቆመው ያነሡትን ፎቶ ላኩ፤ ስስ ሰማያዊ ጃኬት፣ ትልቅ ሰው የሚያኮራ አዲስ ጫማ። ጢሞቴዎስ ጃኬቱ እንደሳሳ አስተውሎ ነበር። ከሞቃት አገር የመጣ ሰው ነው፣ ሲበርደው ይመለሳል ብሎ አለፈው።

ከሰዓቱ እንደ ወትሮው አለፈ። አክሊል ከታች ሳምቡሳ አስመጥቶ ተካፈሉ። ከሚስተር አርተር አንድ መልእክት ብቻ መጣ፤ የድንጋይ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ያነሡት ፎቶ ነው። ሻጋታ የለበሰ ድንጋይ፣ ከበስተጀርባው ቡናማ ኮረብታ። «እናቴ በዚህ ላይ ዘላለች ማለት ነው» የሚል ተጽፎበታል። ጢሞቴዎስ ፎቶውን ለአክሊል አሳየው።

«ስኮትላንዳዊው» አለው አክሊል። ሲያሾፍበት የሚጠራው እንዲህ ብሎ ነው። «አንተ እኮ ባልኬሪ ብትሄድ መንገድ የሚጠፋብህ ከኤርፖርት ስትወጣ ብቻ ነው።»

ብርሃኑ እየደከመ መጣ። ከታች የመድኃኒት ቤቱ መብራት በራ። ወይዘሮ ሞራግ ማለዳ ላይ አንድ ነገር ለምነውት ነበር፤ ማገዶ የሚያመጣው ሰው መምጣት አለመምጣቱን በሩ ላይ በተተከለው ካሜራ እንዲያይላቸው። ረስቶት ቆይቶ አሁን ትዝ አለው፤ ከፈተው።

ካሜራው የተበላሸ መሰለው። ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የሚያየው ግቢ አመድ ለብሷል። አጥሩና መንገዱ አልለይ ብለዋል። ገጹን ዘግቶ እንደገና ከፈተው፤ ያው ነው። ያን ጊዜ አንድ መኪና መንገዱ ላይ አለፈ፤ የፊት መብራቱን አብርቶ ነበር። በብርሃኑ ውስጥ ውሃ ይሁን በረዶ ያልለየለት ነገር በሰያፍ ሲወርድ ታየ።

የባልኬሪን ሰዓት ተመለከተ። ገና ዘጠኝ ተኩል አለፍ ብሎ ነው።

ቀና ብሎ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ አየ። ጉለሌም እየጨለመ ነበር። ከእንጦጦ ሥር ያሉት ቤቶች መብራታቸውን እያበሩ ነው። በሦስት ሰዓት የሚለያዩት ሁለቱ አገሮች በሁለቱ መስኮቶች ውስጥ እኩል ይመሹ ነበር።

ጢሞቴዎስ የሸማኔ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ነው የወለዱት፤ ያደገውም አባቱ ካሣዬ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው ሸማ ከሚሠሩባት ጠባብ ክፍል ደጃፍ ነው። እዚያ ቤት ቀን የሚያልቀው በሰዓት አልነበረም። ማጉና ድሩ ለዓይን አልለይ ሲል አባቱ መወርወሪያውን ያስቀምጡና «በቃ፣ ክሩ ጠፋ» ይላሉ፤ ያኔ እናቱ እራት ታቀርባለች። ክረምት ሆነ በጋ፣ ክሩ የሚጠፋው በዚያው አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። በዕድሜው ሙሉ ፀሐይ ከዚያ ሰዓት ቀድማ ትታው ሄዳ አታውቅም። እርግጥ ጂኦግራፊ ተምሯል። ምድር እንዴት እንደምታዘነብል ፈተና ላይ ሥሎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ያን የተማረው ግን ጭንቅላቱ ነው እንጂ ዓይኑ አይደለም።

ደግሞ ሥራውን የጀመረው ግንቦት ላይ ነበር። ያን ጊዜ የባልኬሪ እንግዶች እራት በልተው ወጥተው፣ ኮረብታ ዞረው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሱ ነበር። ብርሃን የማያልቅባቸው ሰዎች ናቸው ብሎ ተገርሞ፣ ግርምቱን እንደ እውቀት ይዞት ቆየ። አሁን ኅዳር ሊያልቅ ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ባልኬሪ ድቅድቅ ጨለማ እንደሚሆን ግን አንድ ጊዜም አላሰበውም። ሚስተር አርተርም ከፀሐይ አገር መጥተው፣ ትናንት ከመሸ ደርሰው፣ የዚያን አገር ቀን ሲያልቅ አላዩም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሰው ጠየቁ።

«ሚስተር አርተር፣ የት ደረሱ? እባክዎ አሁኑኑ ይመለሱ» ብሎ ጻፈ። መልእክቱ ሄደ እንጂ አልደረሰም። ደወለ፤ አይጠራም። እንደገና ደወለ። ወይዘሮ ሞራግ ጋ ደወለ፤ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆኑ ስልካቸውን ዘግተዋል። የባልኬሪ መጠጥ ቤት ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፤ ሰኞ ሰኞ እንደሚዘጉ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሮሃ ከጀርባው መጥታ ቆማ ነበር። «ምን ሆነህ ነው? ፊትህ ተለዋውጧል።»

ነገራት። ሲነግራት ድምፁ ልክ እንደ ሪፖርት ቀጥ ያለ ነበር፤ «ብርሃን ይበቃዎታል ብያቸው ነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ተሰበረ።

ሮሃ የአክሊልን ጠረጴዛ ተደገፈች። እርሷም አጣብቂኝ ውስጥ ናት፤ የባልኬሪው ውል ከፈረሰ ከዚህ ክፍል ውስጥ ማን ማን እንደሚቀነስ የምታውቀው እርሷ ናት።

«ትልቅ ሰው ናቸው እኮ» አለች በመጨረሻ። «ሲመሽባቸው ይመለሳሉ።»

«በየት አይተው?»

«ስልካቸው መብራት አለው።»

«ሮሃ፣ ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው። ዝናብ አለ።»

«ፖሊስ ጋ ብትደውል መጀመሪያ የሚጠይቁህ የት እንዳለህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሮሃ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ግራጫ ግቢ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። አክሊል ማዳመጫውን አውልቆ፣ የግሪኩን እንግዳ ጥያቄ ሳይመልስ፣ ሁለቱን ያያቸው ነበር።

«ደውል» አለች። «ግን መጀመሪያ ስለ ሰውየው ተናገር። ስለ እኛ ኋላ ይደረስበታል።»

ከውጭ አገር የሚደወልበትን የፖሊስ ቁጥር አክሊል ፈልጎ አገኘለት። ስልኩን ያነሣችው ሴት ትሑት ነበረች። ስም፣ ዕድሜ፣ ልብስ፣ የወጡበት ሰዓት፣ የሄዱበት መንገድ ጠየቀችው፤ ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰ፤ እርሱ የት እንዳለ ግን አልጠየቀችውም። የአካባቢው ነፍስ አድን ሰዎች መልሰው እንደሚደውሉለት ነግራው ዘጋች። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነገር አልነበረም። ካሜራው ላይ የነበረው አመድ ወደ ጥቁር ተለወጠ፤ አሁን የሚታየው የእርጥቡ ደረጃ ጠርዝ ብቻ ነው።

ስልኩ ሲጠራ ዘሎ አነሣው። እናቱ ገበያነሽ ነበረች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰኞ ማታ የጸሎት ቡድኑ እነሱ ቤት ነው የሚሰበሰበው።

«ጢሞ፣ የት ደረስክ? ወንጌላዊው እንኳ መጥቷል፤ አንተ ነህ የቀረኸው።»

«እማ፣ አልመጣም ዛሬ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«አንድ ሰው ጠፍቶብኝ ነው።»

«ማን? አክሊል?»

«አይ፣ እንግዳ ነው። ሽማግሌ። ተራራ ላይ ወጥተው መሸባቸው።»

«እንጦጦ?»

«አይ እማ፣ ሩቅ ነው። ስኮትላንድ።»

ገበያነሽ ልጇ የሚሠራውን ሥራ በደንብ ተረድታው አታውቅም፤ የሰው አገር ቤት በስልክ ይጠብቃል ብላ ነው ለጎረቤት የምትናገረው። «ታዲያ ሰው ላክላቸዋ» አለች። «አንድ ጎረምሳ ባትሪ ይዞ ይውጣ።»

«የምልከው ሰው የለኝም።»

«ሰፈር ውስጥ አንድ እንኳ የምታውቀው የለም?»

ጢሞቴዎስ የባልኬሪን ቤቶች ሁሉ በር ቀለም ያውቃል። በዚያ ሰፈር ውስጥ እርሱን የሚያውቅ ሰው ግን ተራራ ላይ የጠፉት ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«የለም እማ። ጸልዩላቸው። አርተር ነው ስማቸው።»

«እሺ ልጄ» አለች፤ ከዚያ አፏን ከስልኩ ሳታርቅ ወደ ክፍሉ ተናገረች፤ «አንድ አባት ጨለማ ውስጥ ናቸው፤ አርተር ይባላሉ፤ በጢሞ እጅ ያሉ ናቸው።»

«በጢሞ እጅ» ያለችው ቃል ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ ቆየ።

ኤልስፔት የደወለችው ያን ጊዜ ነበር። ድምፅዋ እያረጀ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ የማይቸኩል ነው። ከነፍስ አድኑ ቡድን እንደሆነች፣ ዋናው ቡድን መኪና ላይ እንዳለ፣ እርሷ ግን ቤቷ ከድልድዩ አጠገብ ስለሆነ ከሁለት ጎረቤቶቿና ከውሻዋ ጋር ቀድማ መውጣቷን ነገረችው። ስትናገር ትንፋሿ ያጥራል፤ ጫማዋ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

«ቲም፣ ማረፊያው ውስጥ ነህ?»

«ስለ መንገዱ ልንገርዎት» አለ ጢሞቴዎስ። «በጫካው ዳር ሄደው አጥሩ ጋ ደርሰዋል። ከዚያ ፎቶ ልከውልኛል።»

«ጎበዝ። ከአጥሩ በኋላስ?»

«ሰዎች እንደሚያደርጉት ወደ ታች አልወረዱም። አጥሩ ሲታጠፍ ወደ ላይ እንዲወጡ ነው የነገርኳቸው። ፍርስራሽ ቤት አለ፣ የእናታቸው። ድሮ በግ ይነዳበት በነበረው መንገድ።»

«በላይኛው?»

«አዎ።»

«እሺ» አለች ኤልስፔት። እርምጃዋ ፈጠነ፤ ከጎኗ ላለው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ስትናገር ሰማ፤ ምን እንዳለች አልያዘውም።

ከዚያ ወደ እርሱ ተመለሰች። «ቲም፣ አድምጠኝ። እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲታይ የመጀመሪያው ቤት የእናንተ ነው። አሁን ስመለከት ጨለማ ነው። ተነሥና መብራት ሁሉ አብራ። ምድር ቤቱንም፣ ፎቁንም። መጋረጃ ግለጥ። ሰውየው ካየው አቅጣጫ ይይዛል።»

ጢሞቴዎስ የመብራቶቹን ማብሪያ ሁሉ ያውቃል። የኮሪደሩ ከበሩ በስተቀኝ ነው። የማዕዘኑ ክፍል ማብሪያ ሁለቴ ካልተጫኑት አይሠራም። ወይዘሮ ሞራግ እያሳዩት በጣታቸው ሁለቴ ሲጫኑት አይቷል። እጁ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ።

«አልችልም» አለ።

«መብራት ጠፍቷል?»

«አይደለም።» ሮሃን ቀና ብሎ አያት። ሮሃ ዓይኗን ከእርሱ ላይ አላነሣችም፤ ራሷን አንድ ጊዜ ወደ ታች ነቀነቀች። «እዚያ አይደለሁም። እዚያ ኖሬ አላውቅም። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያ።»

የኤልስፔት ጫማ ድምፅ ቆመ። ዝናቡ ኮፍያዋ ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ጢሞቴዎስ ስድብ ጠበቀ፤ ቢሰደብ ይቀለው ነበር። አንድ ነገር ቢወረውሩበት፣ በዚያ ተራራና በእርሱ መካከል ቢያንስ የሚነካ ነገር ይኖር ነበር።

«ሰውየው ያውቃል?» አለች።

«አያውቁም። እዚያው ከተማ ያለሁ ይመስላቸዋል። ጨለማ ሳይዛቸው እንደሚደርሱ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እኛ ጋ…» ንግግሩን ተወው። እኛ ጋ ክሩ በዚህ ሰዓት አይጠፋም ብሎ እንዴት ይናገራል?

«እሺ» አለች እንደገና። ያ «እሺ» ይቅርታም ቁጣም አልነበረበትም፤ ጊዜ የሌለው ሰው የሚናገረው ነበር። ለአንዱ ጎረቤቷ ተመልሶ ወደ ማረፊያው እንዲሮጥ ነገረችው። ጢሞቴዎስ የቁልፍ ሳጥኑን ቁጥር፣ የኮሪደሩን ማብሪያ፣ የማዕዘኑን ክፍል ማብሪያ ሁለቴ መጫን እንዳለበት በፍጥነት ተናገረ። ሰውየው ሲሮጥ የእግሩ ድምፅ እየራቀ ጠፋ።

«መስመሩን አትዝጋ» አለችው ኤልስፔት። «ያን መንገድ በካርታ ያየኸው አንተ ነህ።»

ሄዱ። ጢሞቴዎስ ካርታውን ፊቱ ከፍቶ አብሯቸው ተራመደ፤ አጥሩ የት እንደሚፈርስ፣ ጅረቱን የት እንደሚሻገሩ ሲጠየቅ ብቻ ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ የሚላት ነገር እዚያ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ አልነበረም። «የለም፣ እዚህ ዛፍ ብቻ ነው» ስትለው በጸጥታ ሌላ ይፈልጋል። ካሜራው ላይ በድንገት ብርሃን ፈሰሰ፤ ግቢው፣ ደረጃው፣ አጥሩ፣ በሰያፍ የሚወርደው ዝናብ ሁሉም ታየ። አክሊል ሳያስበው ትከሻውን ጨበጠው። ብርሃኑ ውስጥ ግን የሚመጣ ሰው አልነበረም።

የአስራ አንድ ሰዓቱ ቀጠሮ እዚያ ደርሶ አለፈ። ማንም ስለ ሾርባ አላነሣም።

ኤልስፔት አጥሩ የሚታጠፍበት ደርሳ ቆመች። ውሻዋ አንድ ነገር አሽትታ ጮኸች፤ ከዚያ ተወችው። «ጓንት ነው» አለች ኤልስፔት። «አዲስ ጓንት። አንዱ ብቻ።»

ጢሞቴዎስ ካርታው ላይ የአጥሩን መታጠፊያ በጣቱ ነካ።

«ቲም፣ ያ ጩኸት ምንድን ነው?»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሰማው። ከታች፣ መድኃኒት ቤቱ ፊት፣ አንድ የታክሲ ረዳት ከበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራ ነበር፤ «ሸጎሌ፣ ሸጎሌ፣ ሁለት ሰው፣ ሸጎሌ።» ድምፁ በተከፈተው መስኮት ገብቶ፣ ማዳመጫው ላይ ባለችው ትንሽ ማይክ አልፎ፣ ያ ተራራ ላይ ይሰማ ነበር።

«እኔ ጋ ነው። መንገዱ ነው።»

«ጸጥ ማድረግ ትችላለህ? ልንጣራ ነው። ከዚያ እናዳምጣለን።»

«እችላለሁ» አለ።

ከመሸ ጀምሮ ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። የራሱን ድምፅ የሚዘጋውን ምልክት ተጫነ። አሁን ከእርሱ በኩል ምንም አይሰማቸውም። ይህን እያወቀ ግን፣ የማዳመጫውን ገመድ እየሳበ፣ ተንጠራርቶ መስኮቱን ዘጋ። ሮሃ ደረጃውን ጨርሶ ሊገባ ያለውን የማታ ተረኛ እጇን አንሥታ በሩ ላይ አስቆመችው። አክሊል ወንበሩ እንዳይንቋቋ ከተነሣበት ሳይቀመጥ ቀረ።

ተራራው ላይ ሁለት ድምፆች የሚስተር አርተርን ስም በአንድነት ጠሩ። አስረዝመው፣ ነፋሱ ላይ አድርገው ጠሩት፤ ከዚያ ደገሙት። ከዚያ እግሮቹ ቆሙ። የውሻዋ ትንፋሽ እንኳ ጠፋ፤ አንድ ሰው አፏን የያዛት ይመስላል።

ጢሞቴዎስ ሁለቱን እጆቹን በማዳመጫው ላይ ጫነ። ነፋሱ መጣ፤ ዝቅ አለ፤ ተመልሶ መጣ። ከነፋሱ ሥር ሌላ ነገር ያለ መሰለው። የሰው ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ ውሃም ሊሆን ይችላል። ትንፋሹን ያዘ።